የፀዳው ካርድ ማራኪ፣ የማራኪው ካርድ ፀዳ

ማራኪ ሰፈር ውስጥ የቢራ ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሕዝብን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቪዲዮ ደረሳችሁ?

አዎ። እኔ ነኝ።

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ግን ታሪኩን ከራሴ አፍ ስሙት። ቪዲዮው አርባ ሰከንድ አይሞላም። መከራው ግን የሙሉ ቀን ነው!

ለማታውቁኝ፦ አንዷለም እባላለሁ። ዲሽ እተክላለሁ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ፣ የሚከፈልባቸውን ቻናሎች የሚከፍተውን ስማርት ካርድ ፕሮግራም አደርጋለሁ። ሰፈር ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የሚሉኝ። እኔም አላርማቸውም። (ዲግሪ የለኝም። ኮርስ አለኝ፣ የሦስት ወር። አሁን ይሄን ምን አመጣው?)

ጠዋት ሱቄን እየከፈትኩ ስልኬ ጮኸ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ የሚኖሩት እማማ የሻረግ ናቸው።

«አንዱዬ፣ ቴሌቪዥኑ ‹ካርዱ አይታወቅም› የሚል ጽሑፍ ጥዶ ቀረ። ምነው ዛሬን ባያደርገው!»

ዛሬ ምን አለ? ልንገራችሁ።

እማማ የሻረግ የመሪጌታ ጥበቡ ባለቤት ናቸው። መሪጌታ ማለት ማኅሌት የሚመሩ፣ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ሲያስሉ እንኳ በዜማ የሚያስሉ ሰው ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሃይማኖት። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ዲግሪዋን ይዛ ባንክ ትገባለች ሲባል ምን ሆነች መሰላችሁ?

የእግር ኳስ ዳኛ!

ባንዲራ ይዛ በመስመሩ ዳር ከላይ ታች የምትሮጠዋ። በቁምጣ!

መሪጌታ ይሄን የሰሙ ዕለት ስሟን መጥራት አቆሙ። ሁለት ዓመት። በዓል ሲሆን ትደውላለች፤ እሳቸው ዳዊታቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ቤቱ ውስጥ ወሬዋ ከተነሳ ይነሱና ይወጣሉ።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሃይማኖት ከአገር ውጭ የመጀመሪያ ትልቅ ጨዋታዋን ልትዳኝ ነው። የሁለት አገር ሴቶች ይጫወታሉ፣ በቀጥታ ይተላለፋል፣ የሚያሳየው ግን የሚከፈልበት ቻናል ብቻ ነው።

እና ትናንት ራት ላይ መሪጌታ፣ ከመሶቡ ቀና ሳይሉ፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትታየው?» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ያልጠሩት ሰውዬ!

እማማ የሻረግ፣ «ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ድረስልኝ ልጄ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እማማ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው!»

ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሱቅ ያሉትን ደንበኞች ጨራርሼ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ፀዳ ደረስኩ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጎናቸው ታላቅ ወንድማቸው አያ ደሴ አሉ፤ ከአይከል ወዲያ ካለው አገራቸው ለሕክምና መጥተው እዚያው የሰነበቱ ገበሬ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶውን ስክሪን ትክ ብለው ያያሉ።

ጨዋታው ሊጀምር ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል!

«መጣህ ወልድየ» አሉኝ መሪጌታ። «በል እየው።»

ሌላ ነገር የለም። ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ግን ጥምጣማቸውን አዩልኝ፤ የንግሥ ዕለት የሚያደርጉት ነው።



ካርዱን አወጣሁ። ወርቃማዋን ቺፕ በላጲስ ጠረግሁ። (ይሄ የሁላችንም ቴክኒሻኖች ምስጢር ነው፤ እንዳታወጡብኝ።) መለስኩት።

ካርዱ አይታወቅም።

ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቀልኩ፣ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ሰካሁ።

ካርዱ አይታወቅም።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ዲሹ ደህና ነው። ሲግናሉ እንደ ጉድ ነው። ስወርድ ሱሪዬን የቆርቆሮ ምስማር ያዘውና ከኪሱ እስከ ጉልበቱ ተረተረው።

ካርዱ አይታወቅም!

በዚህ መሀል እማማ የሻረግ ቀረብ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «አንዱዬ፣ የካርዱን ቁጥር አየኸው? የኛ አልመስል አለኝ» አሉኝ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ፊቴን ልሸፍን።

«እማማ» አልኳቸው፣ ፈገግ ብዬ፣ ያቺን የሠለጠነ ሰው ፈገግታ፣ «ይሄ የቴክኖሎጂ ነገር ነው። እርስዎ አይጨነቁ።»

ብያለሁ። በዚህ አፌ። አትስደቡኝ፤ ገና የሚብስ አለ።

ላፕቶፔን አወጣሁ። የካርድ ማንበቢያዋን ሰካሁ፣ ካርዱን ከተትኩላት። ስክሪኑ ላይ የካርዱ ዝርዝር ግጥም ብሎ መጣ። ቁጥሩ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ ሁሉም ነገር። ቺፑ ሕያው ነው!

«ካርዱ ጤነኛ ነው!» ብዬ አወጅኩ።

«እሰይ!» አሉ አያ ደሴ። «ታዲያ ምነው አይናገርም?»



ቻናሎቹን የሚከፍተው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች። የመሪጌታን የካርድ ቁጥር ስልኬ ላይ ከመዘገብኩት አነበብኩላት። «በእኛ በኩል ክፍት ነው ጌታዬ፤ ፈቃዱን ደግሜ ልኬዋለሁ» አለችኝ።

ጠበቅን። መሪጌታ ጠበቁ። አያ ደሴ ጠበቁ።

ካርዱ አይታወቅም።

እስቲ አስቡት። ካርዱ ጤነኛ። ሪሲቨሩ ጤነኛ። ዲሹ ጤነኛ። ፈቃዱ ተልኳል። ታዲያ የታመመው ማን ነው?

ስልኬ ጮኸ። ሮማን ናት። ማራኪ ውስጥ ተማሪው ሁሉ ኳስ የሚያይበት ቢራ ቤት ባለቤት። የሷም ቴሌቪዥን አልሠራ ብሏት ጠዋት ደውላ ነበር። «ችግሩ ከላይ ነው ሮሚ፣ ሳተላይቱ ነው፣ ጠብቂ» ብያት ነበር።

ዘጋሁባት። አሁን የሮማን ጊዜ ነው? መልሳ ደወለች። ዘጋሁ። መልሳ።

ስምንት ሰዓት ተኩል አለፈ።  እንግዲህ ቴክኒሻን ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ አይደል? ሰው ይፈልጋል። የሚወቅሰው ሰው!

ካርዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ እያየሁ፣ «ይሄ ውሃ ነክቶታል» አልኩ። «እማማ፣ ቤት ሲያጸዱ አውጥተው አጥበውት ነበር?»



እማማ የሻረግ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መሪጌታ አንገታቸውን ብቻ ዞር አድርገው አዩኝ። «እሷ የማታውቀውን አትነካም» አሉ።

«እሷ» የምትለዋን እንዴት አድርገው እንዳሏት! ማን ይነካል ታዲያ? ጥያቄው ሳይነገር ቤቱ መሀል ቁጭ አለ።

መውጫ ሲያጥረኝ የመጨረሻ መሣሪያዬን መዘዝኩ። «ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካው ልመልሰው» አልኩ።

«ፋብሪካው ሩቅ ነው?» አሉ አያ ደሴ ደንግጠው።

«አይ፣ እዚሁ ነው አያ። አንድ ቁልፍ ነው። እንደ አዲስ ያደርገዋል።»

እንደ አዲስ አደረገው! ያለው ቻናል በሙሉ ድራሹ ጠፋ። ነጻዎቹም። ቅዳሜና እሁድ ቅዳሴ የሚያዩበት ሳይቀር!

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ደሴ፣ በጣም በሚያሳዝን ድምፅ። «ሸጋ ማኪና ነበር። አንተ ሳትመጣ ቢያንስ ቅዳሴ ይል ነበር።»



ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።  ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አዲስ ካርድ ነበረኝ። ማንበቢያዋ ላይ አድርጌ የመሪጌታን ሪሲቨር ቁጥር ልጽፍበት ሞከርኩ። አረንጓዴዋ መስመር ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። «አልተቻለም፤ ይህ ሪሲቨር የተመዘገበ ካርድ አለው።» ደገምኩ። ያው። ሠለስኩ። ያው!

ገመዷ ላልታ እንደሆነ ብዬ ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ሶኬት ሞከርኩ። ላፕቶፑን ዘግቼ ከፈትኩ፤ እሱ ለመነሳት ብቻ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።  መሪጌታ የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁና፣ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ለወንድማቸው አቀበሉ። «አንብብልኝ።»

«እኔ ማንበብ መች እችላለሁ?» አሉ አያ ደሴ።

«ዘጠኝ ተኩል ነው» አልኩ እኔ። 

«ስልክህ ላይ አታሳያቸውም ነበር?» የምትሉኝ አላችሁ። አንደኛ፣ ጨዋታው የሚገኘው በዚያ ቻናል ብቻ ነው አልኳችሁ። ሁለተኛ፣ ቢገኝም ለመሪጌታ ዓይን ስልክ ላይ የሚሮጥ ሰው ጉንዳን ነው። ሌላ ቦታ እንዳልወስዳቸው ደግሞ ይሄን ቻናል የሚያሳየው የማውቀው ቢራ ቤት ብቻ ነው። መሪጌታ በንግሥ ጥምጣማቸው ቢራ ቤት!

እንደገና ያቺ ልጅ ጋ ደወልኩ።

«አዲስ ካርድ ለማስገባት የድሮውን መሰረዝ አለብን» አለችኝ። «አንዴ ከተሰረዘ ደግሞ አይመለስም። አዲሱ ቶሎ ሊከፈት ይችላል፤ አንዳንዴ ግን እስከ ነገ ይቆያል። ይሰረዝ ጌታዬ?»

መሪጌታን አየሁ። ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ነው። ጣታቸው ወንበሩን በዜማ ምት ይመታል።

«ይሰረዝ?»

«ይሰ...»

አንድ እጅ አፌን ግጥም አድርጎ ያዘው!

የእማማ የሻረግ እጅ ነው። ሌላው እጃቸው የሸሚዜን ኮሌታ ይዟል። ስልኩን እንደያዝኩ እየጎተቱ መኝታ ቤት አስገቡኝና የቁምሳጥኑን በር ወለል አደረጉት።

በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፦ የመብራት ቆጣሪ ቁጥር። የውሃ ቆጣሪ ቁጥር። የሃይማኖት ስልክ፣ የድሮውና አዲሱ። የቴሌቪዥን ካርድ ቁጥር።

«አንተ ራስህ መጥተህ የተከልከው ዕለት የጻፍኩት ነው» አሉኝ። «የኛ በአርባ ስድስት ያልቃል። ያ ይዘህ የምታሸው ካርድ በዘጠና አንድ ያልቃል። ከገባህ ጀምሮ ልነግርህ ነው። አልሰማ አልከኝ።»

ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ያንኑ ካርድ ማንበቢያዋ ላይ መልሼ ላፕቶፔን አየሁ።

ዘጠና አንድ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው አፍንጫዬ ሥር! በትልቁ ተጽፎ! እኔ ለመሥሪያ ቤቱ ያነበብኩላቸው የመዘገብኩትን አርባ ስድስት ነው። እነሱም በእውነት አርባ ስድስትን ከፍተዋል። ግን አርባ ስድስት እዚህ ቤት የለም!

ታዲያ ዘጠና አንድ የማን ነው? ስልኬ ላይ ፈለግሁ።

የሮማን።

ሁለት ቤት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ችግር። ማንም ሰው ያገናኘዋል። ኢንጂነሩ አላገናኘም!

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሁለቱን ሪሲቨሮች በአንድ ቀን ሱቄ አምጥቼ ሶፍትዌራቸውን አድሼ ነበር። ካርዶቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ስመልስ አምታታሁ። አንድ ካርድ የሚሠራው ፕሮግራም ከተደረገለት ሪሲቨር ጋር ብቻ ነው። ግን ሲቀያየር ወዲያው አይጮኽም፤ የወሩ ፈቃድ እስኪታደስ ድረስ ዝም ብሎ ያሳያል። ፈቃዱ ሲታደስ ነው ጉዱ የሚወጣው። የታደሰው ደግሞ ዛሬ ነው።

«ሃሎ? ጌታዬ? ይሰረዝ?» ትላለች ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ።

«አይሰረዝ! እህቴ አይሰረዝ! በእናትሽ!»

ብሰርዘው ኖሮ እኮ የመሪጌታን ደህና ካርድ ማራኪ ባለበት ገድዬው ነበር! 

መሪጌታ ተነሱ። «ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ካርድ... ማራኪ ነው ያለው መሪጌታ።»

«ማራኪ ምን ይሠራል?»

«ቢራ ቤት ነው።»

አያ ደሴ ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪጌታ አልሳቁም።

«የኔ ካርድ ቢራ ቤት ከርሞ፣ የቢራ ቤቱ ካርድ እኔ ቤት ቅዳሴ ሲሰማ ከረመ?»

«አዎ መሪጌታ።»

«ማን አደረገው?»

እማማ የሻረግን አየሁ። ሊያድኑኝ ይችሉ ነበር። አላዳኑኝም። ልክ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

መሪጌታ መልሰው ተቀመጡ። «ሂድ አምጣው።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ!

ላፕቶፔን እንኳ ቦርሳ ውስጥ አልከተትኩትም። ዘጠና አንድ ከነማንበቢያዋ እንደተሰካበት በብብቴ ይዤ በተቀደደ ሱሪ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። አንዱን ባለባጃጅ «ኮንትራት! ማራኪ!» አልኩት። «ቤንዚን ይበቃን እንደሆነ እንጃ» አለኝ። «አንተ ንዳው፣ እኔ እጸልያለሁ» አልኩት። መሀል መንገድ ላይ ያለችውን አዘዞን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም። አንድ በሬ የጫነ አይሱዙ ፊታችን ገብቶ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለ ሲሄድ ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

ሮማን ደወለች። አነሳሁት።

«መጣሁ ሮሚ፣ መንገድ ላይ ነኝ!»

«ሳተላይቱ ተስተካከለ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቢላ አለ።

አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ማራኪ ደረስኩ። ፀዳ ላይ ጨዋታው ተጀምሯል፤ ማለቴ መታየት ነበረበት። ሮማን ቤት ደግሞ ሌላ ኳስ አሥር ተኩል ላይ ሊጀምር ተማሪው ሞልቶ እስከ በሩ ቆሟል። ስክሪኑ ጥቁር።

ጎንበስ ብዬ በባንኮኒው ዞሬ አርባ ስድስትን አውጥቼ፣ ዘጠና አንድን ከትቼ፣ ሹልክ ልል ነበር ሐሳቤ። ኅሊና የሚባል ነገር አልነበረኝም!

ሮማን ግን ባንኮኒው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ።»

«አውቃለሁ ሮሚ፣ ልንገርሽ...»

«ለኔ አይደለም የምትነግረው። እነዚህ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ወንበር ይዘው እየጠበቁ ነው። ለነሱ ንገር።» ባዶ የቢራ ሳጥን በእግሯ ገፋ አድርጋ መሀል ላይ አቆመችልኝ።

የቀረውን በቪዲዮው አይታችኋል። ወጣሁ። «ሁለት ካርድ የቀያየርኩት እኔ ነኝ፣ ሳተላይቱ ምንም አላደረገም» አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ «ሳተላይቱንም ይቅርታ ጠይቀው!» ብሎ ጮኸ።

ጠየቅሁት። ቀና ብዬ። ወደ ኮርኒሱ።

ምን ላድርግ? ሰዓቱ እየሄደ ነው!

ዘጠና አንድን ወደ ቤቱ መለስኩት። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። የዕድሜዬ ረጅሙ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሜዳ! ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔ አርባ ስድስትን በሁለት እጄ ይዤ ወደ በሩ ሮጥኩ። ኪሴ ውስጥ ልከተው አላመንኩትም። ኪሴም ተቀዷል።

ባለባጃጁ ቤንዚን ጨርሶ ማራኪ ቀርቷል። ሌላ ያዝኩ። ፀዳ ስገባ አሥር ሰዓት ከሃምሳ። የመጀመሪያው አጋማሽ አልቋል።

መሪጌታ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።

ካርዱን ከተትኩ። «ካርዱ አይታወቅም» የሚለው ጽሑፍ ጠፋ! «እሰይ!» አሉ አያ ደሴ።

ግን ቻናል የለም። ለምን የለም? ወደ ፋብሪካው መልሼዋለኋ! ሁሉንም ቻናል እንደገና መፈለግ አለበት። አንድ ከመቶ። ሁለት ከመቶ። የአረብ ቻናሎች ይመጣሉ፣ ይመጣሉ። አያ ደሴ በየመሀሉ «ይቺ ናት?» ይላሉ። ዜና አንባቢ ናት። «ይቺስ?» ምግብ እየሠራች ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት ላይ ሥዕሉ መጣ። ሜዳ። ተጫዋቾች። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ቆይቷል።

«የታለች?» አሉ መሪጌታ።

ሃይማኖት የለችም። ካሜራው ኳሷን ብቻ ነው የሚከተለው።

«ዳር ላይ ናት» አሉ እማማ የሻረግ። «እነሱ ዳር ላይ ነው የሚሮጡት።»

«ዳሩን አያሳይማ!»

አምስት ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። አንዴ ጫማ የመሰለ ነገር በስክሪኑ ጥግ ውልብ አለ። እማማ የሻረግ «ውይ!» አሉ። ጠፋ። እኔ ምድር ተከፍታ እንድትውጠኝ እየለመንኩ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው ልጃቸውን ሊያዩ ተቀምጠው፣ በኔ ምክንያት ጫማዋን አይተው ሊነሱ ነው!

ከዚያ ኳስ መረብ ውስጥ ገባ። ተጫዋቾቹ እየተቃቀፉ ይጮኻሉ። ካሜራው ድንገት ዞረ።

አንዲት ቀጭን ልጅ። ቀጥ ብላ ቆማለች። ባንዲራዋ ወደ ላይ።

«ሃይሚዬ!» እማማ የሻረግ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

እኔና አያ ደሴ ግን መሪጌታን ነው ያየነው። ቁምጣዋ ሙሉ ስክሪኑ ላይ ነው። አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይወጣሉ ስል...

«ከስታለች» አሉ።

ይቺን ብቻ።

ስክሪኑ ላይ ተጫዋቾቹ ልጅቷን ከበው ይጮኹባት ጀመር። እጃቸውን ፊቷ ላይ ያወራጫሉ። እሷ ንቅንቅ የለም።

መሪጌታ ወደ ፊት ዘነበሉ። «ምን አድርጋ ነው የሚጮኹባት?»

«ያገቡት ጎል አይቆጠርም ብላ ነው። ያገባችው ልጅ ከተከላካዮቹ ቀድማ ቆማ ነበር» አልኩ።

«እሷ ብቻዋን ነው ይሄን ያለችው?»

«ብቻዋን።»

«ልክ ናት?»

ድጋሚውን አሳዩ። በቀስታ። አግቢዋ በአንድ እርምጃ ቀድማለች። «ልክ ናት መሪጌታ» አልኩ። የቀኑ የመጀመሪያ ትክክለኛ ንግግሬ ይመስለኛል።

ጎሉ ተሰረዘ። የከበቧት ተበተኑ። መሪጌታ ወንበሩ ላይ ደገፍ አሉና፣ «እኔ መቋሚያ ሳነሳ ከሠላሳው ካህን ሁለቱ አይሰሙኝም» አሉ። «እሷ ጨርቅ አነሳችና ያ ሁሉ ሰው ቆመ።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይሄ ቴሌቪዥን ዓይን ያቃጥላል» አሉ።



ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሃይማኖት ለእናቷ ደወለች። እማማ የሻረግ ገና «ሃሎ» ሳይሉ መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጪኝ።»

ስልኩን ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዴ። ሁለቴ። ለሁለት ዓመት ዝምታ ምን ዓይነት ቃል ይበቃል እላለሁ እኔ በልቤ።

«በልተሻል?» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልነግራችሁም። እኔም ላፕቶፔን የማስተካክል መስዬ ዞር ብያለሁ። እውነቱን ልናገር? ላፕቶፑ ጠፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ሰው መስዬ በቀረሁ። ግን እማማ የሻረግ ስልኩን ተቀበሉና ሁሉንም ነገር ተረኩላት! ሱሪውን፣ ፋብሪካውን፣ ቢራ ቤቱን፣ አንድ ሳያስቀሩ። ከዚያ ላውድ ላይ አደረጉት።

«አንዷለም» አለች ሃይማኖት። ያ ሁሉ ተጫዋች ለምን እንደተበተነ ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። «እናቴን ‹ካርዱን አጥበሽዋል› ብለሃታል?»

«...ብያለሁ።»

«ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

ተማሪውን ጠይቄያለሁ። ሮማንን ጠይቄያለሁ። ሳተላይቱን ሳይቀር ጠይቄያለሁ! እማማ የሻረግን ግን...

ተነሳሁና ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ተነስ አቦ፣ ሱሪህ ጨርሶ ይቀደዳል» አሉኝ።

«ቢጫ ነው» አለች ሃይማኖት ከስልኩ ውስጥ። «ለዛሬ።»

መሪጌታ ሳቁ። እኔ የማውቃቸው ዘመን ሁሉ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቃቸውም ዜማ አለው።

ይኸው ቤቴ ገብቼ ሱሪዬን እየሰፋሁ ነው የምጽፍላችሁ። ልጅቷ አዝናልኝ ነው በቢጫ ያለፈችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰጡኝ ነበር?

(ቀይ ልትሉ ያሰባችሁ የማራኪ ልጆች፣ የሁላችሁም ካርድ ቁጥር እኔ ጋ ነው። ባላምታታው!)